ኬሞ ላቃጠለው እግር የሕክምና ካናቢስ፦ እንዴት ይለካል፣ የት ላይ ይበላሻል

ሌሊት አንሶላው ሲነካው የሚለበልብ፣ ቀን ደግሞ ጥጥ የረገጠ የሚመስል እግር ካለዎትና ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስደው ከሆነ፣ ይህ የዕድሜ ጣጣ ነው ብለው አይለፉት። ኬሞው ነርቭዎን ነክቶት ሊሆን ይችላል። የሚጀምረው ከእግር ጣት ጫፍ ነው። ሁለቱንም እግር እኩል ይይዝና ወደ ቁርጭምጭሚት ይወጣል፣ ከዚያ የእጅ ጣቶች ይከተላሉ። አንዱ «ይደነዝዘኛል» ይላል፣ ሌላው «መርፌ መርፌ ይለኛል»፣ ሌላው «ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል» ይላል። እነዚህ አንድ አይደሉም፤ ካናቢስም ሁሉንም እኩል አይረዳም። ማቃጠሉንና መጠዝጠዙን ያበርድ ይሆናል፣ እንቅልፍ ያስገኝ ይሆናል፤ የደነዘዘውን ጣት ግን አይመልስም። ይህን ካሁኑ ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ተስፋውንም በከንቱ አያባክንም።

የምጽፈው በዋናነት ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ላሉ ወገኖች ነው። ካናቢስ የተፈቀደበት ሌላ አገር ያለ ሰውም የአለካኩን ክፍል ሊጠቀምበት ይችላል።

ነርቭ በመጉዳት የሚታወቁት የኬሞ መድኃኒቶች ታክሶል በሚል ስም የሚሰጠው ፓክሊታክሴል፣ ዶሴታክሴል፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ሲስፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን እና ማይሎማ ለሚባለው የመቅኔ ካንሰር የሚሰጠው ቦርቴዞሚብ ናቸው። ታክሶል በነርቩ ውስጥ ምግብና ጥገና የሚመላለስበትን ሐዲድ ያገትረዋል። የፕላቲን ዘር የሆኑት ደግሞ ከአከርካሪ አጠገብ ባሉት የነርቭ ሕዋሶች ውስጥ ይከማቻሉ። ረጅሙ ነርቭ መጀመሪያ ይራባል፣ እግር የሚቀድመውም ለዚህ ነው። ኦክሳሊፕላቲን የሚወስዱ ሰዎች ሌላም ነገር ያውቃሉ፦ ፍሪጅ ውስጥ እጅ ሲገባ ጣት የሚነዝር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮ የሚያንቅ ስሜት። ይኼኛው ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይበርዳል፤ ጓንትና ለብ ያለ ውሃ እንጂ ካናቢስ አይፈልግም። ደግሞም ፕላቲኖቹ ኬሞው ካለቀ በኋላ እንኳ ለ2 እና ለ3 ወር ሕመሙን ሊያብሱት ይችላሉ። በዚያ ጊዜ የካናቢስ ጠብታ የጀመረ ሰው «ይኸው ካናቢሱ አባሰብኝ» ሊል ይችላል፤ የሚያብሰው ግን ቀድሞ የተከማቸው ፕላቲን ነው።

ኬሞው ገና ካላለቀ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትል የእኛ ሰው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ምስጋናው ይሁን፤ ግን ለነርሷ ጣትዎ መደንዘዙን ጨምረው ይንገሯት። የነርቭ ጉዳትን ከመነሻው መግታት የሚችለው የኬሞውን መጠን መቀነስ፣ ማዘግየት ወይም መቀየር ነው፤ ያን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ሐኪሙም የሚያውቀው እርስዎ ሲናገሩ ነው። ካናቢስ እዚህ ላይ አደጋ አለው። ማቃጠሉን ሲሸፍነው «ተሻለኝ» ይባላል፣ ኬሞው በዚያው መጠን ይቀጥላል፣ ነርቩ ከሥር መጎዳቱን አያቆምም። ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ይመርምር፦ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ይቻላል? የጆሮ ጌጥ ማድረግስ? ቦርሳ ውስጥ ሳንቲም ከቁልፍ በጣት ብቻ ይለያል? እንጀራ ሲቆረስ ጣት ይሰማዋል? አስተርጓሚ ካለ እነዚህን ይንገሩት። «ያመኛል» ከሚለው ይልቅ «ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ» የሚለው ሐኪሙን ያነቃዋል።

አንድ እግር ብቻ ከሰነፈ፣ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ማስረጃው ምን ይላል

ቲኤችሲ፣ ማለትም ራስን የሚያዞረው የካናቢስ ንጥረ ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣርቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል ውስጥ በራፋኤል መቹላምና በየሂኤል ጋኦኒ ነው። ይሁንና በኬሞ ነርቭ ሕመም ላይ የተሠራው ጥናት እስካሁን ትንሽ ነው። በ2014 ካናዳ ውስጥ የታተመ ሙከራ ላይ 16 ሰዎች አፍ ውስጥ የሚረጭ የካናቢስ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በአማካይ ሲታይ ለማነጻጸሪያ ከሚሰጠው ባዶ መድኃኒት የተለየ ለውጥ አልታየም፣ ግን 5 ሰዎች ጥሩ መሻሻል ነበራቸው። በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኤችአይቪ ምክንያት ነርቫቸው የታመመ 50 ሰዎች ላይ በተሠራው ሙከራ፣ ካናቢስ ካጨሱት 52 በመቶው ሕመማቸው ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ ባዶውን ካጨሱት 24 በመቶው። የኤችአይቪ ነርቭ ሕመም ከኬሞው ጋር ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። የኔ አነባበብ ይህ ነው፦ አንዳንዱን ሰው በእርግጥ ይረዳል፣ ብዙውን አይረዳም፣ ማንን እንደሚረዳ ቀድሞ ማወቂያ መንገድ ግን የለም። በትንሹ ሞክሮ፣ ጽፎ፣ ካልሠራ ማቆም ነው።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ሕመም የሚመክረው አንድ መድኃኒት ዱሎክሴቲን ነው። እሱም በ2013 በታተመ 231 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ የተፈተነ ነው፦ ለመጀመሪያው ሳምንት 30 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ 60። ዱሎክሴቲንን ሳይሞክሩ ወደ ካናቢስ መሮጥ ትክክል አይመስለኝም። የጡት ካንሰር ታማሚ ታሞክሲፈን የምትወስድ ከሆነ ግን ዱሎክሴቲን የታሞክሲፈንን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል ሐኪሟን ትጠይቅ። የቫይታሚን ቢ12፣ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራም ይደረግ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን የሚያቃጥለው ኬሞው ብቻ ላይሆን ይችላል።

«የካናቢስ ዘይት ካንሰሩን ራሱን ይገድላል» ብሎ ውድ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት አይስሙት። ያው ማኅበር በ2024 ባወጣው መመሪያ ካናቢስን ለካንሰሩ መድኃኒት አድርጎ ከመውሰድ በግልጽ ያስጠነቅቃል።

ከመግዛትዎ በፊት ወረቀትዎን ያስቡ

ይህን ከመጠኑ በፊት ያስቀደምኩት በስህተት አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ካናቢስ ከዲስፔንሰሪ፣ ማለትም ፈቃድ ካለው የካናቢስ መሸጫ፣ መግዛት ይችላል። በሐኪም ማረጋገጫ የተመዘገበ ታማሚ ደግሞ የሽያጭ ግብር አይከፍልም። ነገር ግን ይህ የስቴቱ ሕግ ነው። ኢሚግሬሽን የሚመራው በፌዴራሉ ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 19 ቀን 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ የካናቢስ ነገር ዜግነት ለማግኘት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የጠየቀ ወይም በዲቪ የመጣ ሰው ሳይታሰርና ሳይፈረድበት «ተጠቅሜያለሁ» ብሎ በማመኑ ብቻ ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ታማሚ የሕክምና ካናቢስ ካርዱን ከማውጣቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ዘመድ አይበቃም፣ ዲስፔንሰሪ ውስጥ የሚሸጠው ልጅም ይህን አያውቅም።

ለእነዚህ ሰዎች ሌላ በር አለ፦ ድሮናቢኖል። በፋብሪካ የተሠራ ቲኤችሲ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1985 ለኬሞ ማቅለሽለሽ የተፈቀደ ነው፣ በተራ ፋርማሲ በሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ካፕሱሉ በ2.5፣ በ5 እና በ10 ሚሊ ግራም ይመጣል። ለነርቭ ሕመም ተብሎ ስላልተፈቀደ ኢንሹራንሱ እምቢ ሊል ይችላል፤ ማቅለሽለሽም ካለ ግን ሐኪሙ በዚያ ምክንያት ሊያዝ ይችላል። በፋርማሲ ደረሰኝና በሐኪም ትእዛዝ የተያዘ መድኃኒት ስለሆነ የሚያመጣው ጣጣ ያነሰ ነው።

ትራክ ወይም አውቶቡስ በሲዲኤል (በንግድ መንጃ ፈቃድ) የሚነዳ ሰው ደግሞ ልብ ይበል፦ የፌዴራሉ የትራንስፖርት ምርመራ የስቴት የሕክምና ካርድን ሰበብ አድርጎ አይቀበልም። ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ አዘውትሮ የወሰደ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ሽንቱ ላይ ሊገኝ ይችላል። «ሲቢዲ ብቻ» (ራስ የማያዞረው የካናቢስ ንጥረ ነገር) የተባለ ዘይትም ቲኤችሲ አዝሎ ሊገኝ ይችላል። በ2017 በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ሲመረመሩ ጽሑፋቸው ከይዘታቸው ጋር የገጠመው 31 በመቶው ብቻ ነበር፣ በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል።

ለሐኪሙ መንገር

የካንሰር ሐኪሞች በዚህ አይቆጡም፤ የሚያስቆጣቸው መደበቁ ነው። ይዘው የሚቀርቡት የሁሉንም መድኃኒት ዝርዝር ነው። ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ስለሚችል የአይኤንአር (የደም መርጋት) ምርመራው ይቀራረብ። ሲቢዲ በጉበት የሚሰባበሩ ብዙ መድኃኒቶችን ያዘገያል፤ ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱት ታክሮሊመስ ከነዚህ አንዱ ነው፣ ታሞክሲፈንም ሊነካ ይችላል። ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶን ወይም የጭንቀት ክኒን ከሌሊቱ ጠብታ ጋር ሲደመሩ ድብታው ይከብዳል። አሚትሪፕቲሊን ላይ ሲጨመር አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይመታል። ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣ ሕክምና) ላይ ያለ ታማሚ ለብቻው ይጠይቅ፦ ከእስራኤል የወጡ ሁለት የምልከታ ጥናቶች ካናቢስ የሚወስዱት ላይ ሕክምናው ደካማ ሆኖ መታየቱን ጽፈዋል። ነገሩ ተቀባይነት ያገኘ መደምደሚያ ባይሆንም ሐኪም ሳያውቅ መጀመር አያስፈልግም። በራሱ ወይም በቅርብ ዘመዱ ስኪዞፍሬንያ የነበረ፣ ልቡ ያልተረጋጋ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሰው አይሞክሩት።

ምን ይገዛል

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ምላስ ሥር የሚደረግ የዘይት ጠብታ ነው፤ ቲኤችሲና ሲቢዲው እኩል ለእኩል የሆነ። ምክንያቴ አንድ ነው፦ በትንሹ መለካት የሚቻለው እሱን ብቻ ነው። ጋሚ የሚሉት ከረሜላ ብዙ ጊዜ አንዱ 10 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ለጀማሪ ከሚበቃው አራት እጥፍ ነው። አራት ቦታ መቁረጥ ይቻላል፣ ግን መድኃኒቱ ከረሜላው ውስጥ እኩል ላይሰራጭ ይችላል።

ለእኛ ሰው ሌላም ጉዳይ አለ። ብዙ ጋሚ በጄላቲን የተሠራ ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት ይወጣል። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጀርባውን አዙሮ «ፔክቲን» የሚል ይፈልግ፤ ፔክቲን ከፍራፍሬ ነው። ጠብታዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው፦ በኮኮናት ዘይት የተሠራ እና በአልኮል የተሠራ። በኬሞ አፉ የቆሰለ ሰው የአልኮሉን ምላስ ሥር ሲያደርግ ይለበልበዋል፤ ከዚያ ቶሎ ይውጠዋል፣ ሲውጠው ደግሞ ሥራው ይዘገያል። የኮኮናት ዘይቱ ለጾምም ለሙስሊምም የተመቸ ነው።

የቤተ ሙከራ ውጤቱን ይጠይቁ። ለካንሰር ታማሚ ከቲኤችሲው ቁጥር ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሻጋታ ምርመራው ነው።

አለካክ

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይዘው ይቀመጡ። «30 ሚሊ ሊትር፣ ቲኤችሲ 300 ሚሊ ግራም፣ ሲቢዲ 300 ሚሊ ግራም» ይላል እንበል። 300 ለ30 ሲካፈል 10 ነው፤ ስለዚህ አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ አለ። ሩብ ሚሊ ሊትር 2.5 ይሆናል፤ አንድ አሥረኛው 1 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው የመስተዋት መምጠጫ ብዙውን ጊዜ መስመሩ 0.25፣ 0.5፣ 0.75 እና 1 ብቻ ነው። አንድ አሥረኛ በእሱ አይለካም። «ጠብታ ቆጥሬ» ማለትም አያስኬድም፤ የዘይት ጠብታ እንደ ሙቀቱና እንደ መምጠጫው አፍ ይለያያል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 1 ሚሊ ሊትር የአፍ ሲሪንጅ ይጠይቁ፣ ለሕፃን መድኃኒት የሚሰጥበትን። በየ0.1 ሚሊ ሊትሩ ቁጥር አለው፣ በመሃሉም ትንንሽ መስመር። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ይህን መስመር ለብቻው እየመጠነ መሳብ ስለሚቸግረው፣ ለሳምንቱ የሚሆኑትን ሲሪንጆች የቤት ሰው ቀድሞ ይሙላለትና ክዳናቸውን ዘግቶ ያስቀምጥ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ቢያንስ አሥር ጊዜ ይናጥ፤ ዘይቱ ሲቀመጥ መድኃኒቱ እኩል ላይሆን ይችላል። ምላስ ወደ ላይ ተነሥቶ ሥሩ ላይ ይጨመቃል። 60 ሰከንድ እስከ 90 ሰከንድ ሳይውጡ፣ ሳያወሩ ይያዝ፤ አንድ «አባታችን ሆይ» ቀስ ብሎ በልብ የሚደገምበት ያህል ነው። ከዚያ ይዋጣል፤ ለ10 ደቂቃ ውሃ አይጠጣም። ምላስ ሥር የገባው ከ15 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ መሰማት ይጀምራል። የተዋጠው ክፍል ግን ጉበት አልፎ ስለሚመጣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ሲመጣም ይበረታል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ወይም ክብደቱ በጣም የቀነሰ ሰው በ0.1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በ1 ሚሊ ግራም ይጀምር። ሌላው በ2.5 መጀመር ይችላል። ማታ ብቻ፣ ከመተኛት አንድ ሰዓት በፊት። ያው መጠን ለሦስት ሌሊት ይቆይ፤ ምንም ካልተሰማና ካልከበደ በ1 ሚሊ ግራም ይጨመር፣ እንደገና ሦስት ሌሊት። በ2021 የታተመ የባለሙያዎች ስምምነት በየ2 እስከ 7 ቀኑ 2.5 ሚሊ ግራም መጨመርን ይፈቅዳል፣ ጣሪያውንም በቀን 40 ያደርገዋል። ለኬሞ ታማሚ ይህ ፍጥነት ይበዛል ብዬ አምናለሁ። በማታ 10 ሚሊ ግራም ደርሶ ምንም ያልረዳው ሰው 20 ይረዳዋል ብዬ አልጠብቅም፤ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ደብተር ያስፈልጋል። ሰዓት፣ መጠን፣ ከመተኛት በፊት ማቃጠሉ ከ10 ስንት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ፣ ጠዋት ራስ አዞረ ወይስ አላዞረ። ከመጀመሪያው ጠብታ በፊት ለአንድ ሳምንት ያለ መድኃኒት መጻፍ ግዴታ ነው፤ አለዚያ በኋላ ከምን ጋር ይነጻጸራል? የሕመሙ ቁጥር ከ7 ወደ 5 ከወረደ ሠርቷል። ዜሮ የሚጠብቅ ሰው መጠኑን እየጨመረ ሄዶ ይወድቃል። አንዳንዴ የሕመሙ ቁጥር ሳይለወጥ የሌሊቱ መነሣት ከአራት ወደ አንድ ይወርዳል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፣ ይጻፍ።

የት ላይ ይበላሻል

ትልቁ ስህተት ሁለተኛው ጠብታ ነው። አንድ ሰዓት ይጠበቃል፣ «ምንም አልሠራም» ይባላል፣ ይደገማል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ልብ ይመታል፣ ክፍሉ ይዞራል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሰውየው የሚሞት ይመስለዋል። ያን ጊዜ ብርሃኑን ቀንሶ በጎን ማስተኛት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ መስጠት፣ አጠገቡ ተቀምጦ «የመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል» ማለት ነው። ቡና አይሰጠው፤ ልቡን ይብስ ያስመታዋል። የመርዝ ምክር መስመሩ በ1-800-222-1222 ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም ጠርቶ አለመንቃት ካለ 911 ነው። ደንቡ እንግዲህ አጭር ነው፦ በአንድ ማታ አንድ ጊዜ፣ ቢሠራም ባይሠራም።

ሁለተኛው መውደቅ ነው፣ እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ቲኤችሲ ሲነሡ የደም ግፊትን ይጥላል፤ እግሩ ደግሞ ወለሉን አይሰማም። ሌሊት ለሽንት የተነሣ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተቀምጦ መነሣት፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት የሚበራ ትንሽ መብራት፣ የሚንሸራተት ምንጣፍ ማንሣት፣ ጀርባው የተዘጋ የጎማ ጫማ። የመታጠቢያውን ውሃ ሙቀት በእግር ሳይሆን በክርን ይለኩ። መኪና መንዳት በማግስቱም ራስ እስኪጠራ ድረስ አይቻልም።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ዘይትና ቅቤ የካናቢስን መግባት ያበዛሉ፤ ሲቢዲ ብቻውን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሁዳዴ ጾም ሽሮና ጎመን በልቶ መጠኑን ያስተካከለ ሰው፣ ፋሲካ ዕለት በቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ ላይ ያንኑ ጠብታ ቢወስድ ከለመደው በላይ ሊከብደው ይችላል። የሚፈስኩበትን ሳምንት መጠኑን ወደ ግማሽ አውርደው እንደገና ይጀምሩ። ለረመዳንም እንዲሁ፦ ከኢፍጣር ወዲያው ሳይሆን ሆድ ከረጋ በኋላ።

ማጨስ ለኬሞ ታማሚ አይሆንም። ነጭ የደም ሕዋሱ በወረደ ሰው ሳንባ ውስጥ ከቅጠሉ ጋር የሚገባ ሻጋታ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የቬፕ (በኤሌክትሪክ የሚጨስ) ካርትሪጅ ከመንገድ መግዛትም እንዲሁ፤ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሳንባው የተጎዳውና የሞተው በአብዛኛው ከመንገድ በተገዛ የቲኤችሲ ካርትሪጅ ውስጥ በተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነው። የሚቀባውስ? አደጋው ትንሽ ነው፣ ማስረጃውም ትንሽ ነው፤ የሚፈልግ ይሞክረው። ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ እግር መቀባት ግን ይቅር። ሐኪሞች የሚለጥፉት ባለ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ፕላስተር አለ፣ እሱ ተለክቶ፣ በጓንት፣ ክሊኒክ ውስጥ ነው የሚለጠፈው። የደነዘዘ እግር ሚጥሚጣ ሲያቆስለው አይሰማውም።

ጠርሙሱም ጋሚውም ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። እሑድ ዘመድ ሲመጣ፣ ልጆች ክፍል ለክፍል ሲሮጡ፣ ጋሚውን ከከረሜላ አይለዩትም።

«ሀሺሽ አልቀምስም» የምትል እናት ብዙ ናት፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ የሚያሳፍር ነውና አይፈረድባትም። ደብቆ ሻይ ውስጥ መጨመር ግን ክፉ ነገር ነው። ራሷን ሲያዞራት ስትሮክ መሰለኝ ብላ ትደነግጣለች፣ ከዚያ በኋላም የሚሰጧትን ክኒን ሁሉ ትጠረጥራለች። ጠርሙሱን አሳይተው «እማዬ፣ ይህ በሐኪም የታወቀ ነው፣ በዚህች ሲሪንጅ እዚህች መስመር ድረስ ብቻ ነው፣ ካልወደድሽው እናቆማለን» ማለት ይሻላል። እምቢ ካለች እምቢታዋ ይከበር። ዱሎክሴቲን፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ የፊዚዮቴራፒ ሚዛን ልምምድ ይቀጥሉ።

በስድስት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ላይ ለውጥ ከሌለ ይቆማል። በየሦስት ቀኑ 1 ሚሊ ግራም እየቀነሱ ቢያቆሙ ይቀላል፤ በአንድ ጊዜ ከተቆመ ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ሊታጣና ሰው ሊነጫነጭ ይችላል። የሠራለት ሰውም ኬሞው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ ቀንሶ ይሞክር፤ ነርቩ ቀስ እያለ ስለሚሻለው ጠብታው የማያስፈልግበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ጉዞ ሲመጣ ጠርሙሱ እቤት ይቀራል። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ እህት ቤት ይዞ መሻገር እንኳ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ካናቢስ ክልክል ነው፣ የአሜሪካ ሐኪም ወረቀት ቦሌ ላይ አያድንም። በዱባይ የሚያልፍ ሰው ደግሞ የሲቢዲ ቅባት እንኳ ቦርሳው ውስጥ እንዳይረሳ፤ የታጠበ ሲሪንጅም ቢሆን። ከበረራው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ማነጋገር ነው፤ ጋባፔንቲን፣ ወይም ማታ 10 ወይም 25 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን ቢያዝልዎት አገር ውስጥም ፋርማሲ ሊገኝ የሚችል መድኃኒት ነው፣ እስኪሄዱም ድረስ ሰውነትዎ ይለምደዋል። በፋርማሲው ጠርሙስ እንዳለ፣ ስምዎ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ።